አድናቂዎች፣ ዳኞችና ሽልማት፤ አንባቢ ለሚወደው ደራሲ ስለሚያደርገው ቅስቀሳ

ታላላቅ የሥነ ጽሑፍ ሽልማቶች በተነሡ ቁጥር ስለ ተሸላሚው ደራሲና ስለ ሸላሚው ተቋም ብዙ ይጻፋል። በሁለቱ መካከል ስለቆመው ሦስተኛ ወገን፣ ማለትም የሚወደው ደራሲ እንዲሸለምለት ፊርማ ስለሚያሰባስበው፣ በጋዜጣ ስለሚሟገተው፣ ውጤቱ በሚነገርበት ዕለት ተሰብስቦ ስለሚጠባበቀው አንባቢ ግን እምብዛም ሲጠና አይታይም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ወገን መመልከት ነው። የአድናቂዎች ቅስቀሳ በዳኞች ውሳኔ ላይ የሚያመጣው ለውጥ አለ ወይ? ካለስ በምን መንገድ ሲቀርብ ነው? የሚሉትን ጥያቄዎች ከታወቁ ክስተቶች በመነሣት ለማብራራት እሞክራለሁ። በሰፊው የምጠቅሰው የኖቤልን ሽልማት ነው። ብዙ ቅስቀሳ የሚደረግለትም፣ የቅስቀሳ ድምፅ እንዳይገባበት ሆኖ የተዋቀረውም እሱ ነውና።

የሥነ ጽሑፍን የኖቤል ሽልማት እ.ኤ.አ. ከ1901 ጀምሮ የሚሰጠው የስዊድን አካዳሚ 18 መቀመጫዎች ያሉት ተቋም ነው። አሠራሩ ባጭሩ እንዲህ ነው። ከሽልማቱ በፊት ባለው ዓመት መስከረም ላይ የጥቆማ መጠየቂያ ደብዳቤዎች ይላካሉ፤ ጥቆማው እስከ ጃንዋሪ 31 መድረስ አለበት። ከአካዳሚው አባላት የተውጣጣው የኖቤል ኮሚቴ የመጣውን አጥርቶ በሚያዝያ ከ15 እስከ 20 የሚሆኑ ስሞችን፣ በግንቦት ደግሞ አምስት ስሞችን ለአካዳሚው ያቀርባል። አባላቱ ሰኔን፣ ሐምሌንና ነሐሴን የአምስቱን ደራስያን ሥራዎች ሲያነቡ ይከርማሉ። በመስከረም ይከራከራሉ፤ በጥቅምት መጀመሪያ ድምፅ ይሰጣሉ፤ ከተሰጠው ድምፅ ከግማሽ በላይ ያገኘ ይሸለማል።

ለነገራችን ዋናው ጥቆማ የማቅረብ መብት የማን ነው የሚለው ነው። ደንቡ አራት ወገኖችን ይጠቅሳል። እነሱም የስዊድን አካዳሚና በዓላማም በአወቃቀርም የሚመስሉት ሌሎች አካዳሚዎችና ማኅበራት አባላት፣ በዩኒቨርሲቲዎችና በኮሌጆች የሚያስተምሩ የሥነ ጽሑፍና የሥነ ልሳን ፕሮፌሰሮች፣ ቀደም ሲል በሥነ ጽሑፍ የተሸለሙ ደራስያን፣ እንዲሁም የየአገራቸውን ሥነ ጽሑፍ የሚወክሉ የደራስያን ማኅበራት ፕሬዚዳንቶች ናቸው። ራስን መጠቆም አይቻልም። አንባቢ በዚህ ዝርዝር ውስጥ የለም። አንድ ሚሊዮን አንባቢ ፈርሞ ቢልክ ፊርማው እንደ ጥቆማ አይቆጠርም፤ አንድ የሥነ ጽሑፍ ፕሮፌሰር የጻፈው የአንድ ገጽ ደብዳቤ ግን ይቆጠራል። (የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በሁለተኛ ዲግሪ የሚያስተምር በመሆኑ በሩ አይከፈትለትም። የሚከፈትላቸው ሰዎች ግን በዚሁ ኮሪደር ላይ ቢሮ አላቸው።)

በፍቅርና በደንብ መካከል ያለው ርቀት የታየው ገና በመጀመሪያው ዓመት ነው። እ.ኤ.አ. በ1901 ሽልማቱ ለፈረንሳዊው ገጣሚ ሱሊ ፕሩዶም ሲሰጥ ብዙዎች የጠበቁት ሊዮ ቶልስቶይን ነበር። ቅር የተሰኙ 42 የስዊድን ደራስያን፣ ሠዓልያንና ሀያስያን ለቶልስቶይ የአክብሮት ደብዳቤ ጻፉ። ቶልስቶይም አመስግኖ ገንዘቡ ስላልመጣበት ደስ እንዳለው መለሰላቸው። የነገሩ ቁም ነገር ግን ወዲህ ነው። በዚያ ዓመት ቶልስቶይን በደንቡ መሠረት የጠቆመ ሰው አልነበረም። መላው ዓለም የሚያውቀው ደራሲ፣ የሚያደንቀው ሁሉ ሌላው ጠቁሞታል ብሎ ስላሰበ ይሁን ወይም ጥቆማ እንደሚያስፈልግ ስላልታሰበ፣ ከዝርዝሩ ውጪ ቀረ። ከ1902 እስከ 1906 በየዓመቱ ተጠቁሟል፤ በዚህ ጊዜ ደግሞ በቋሚ ጸሐፊው በካርል ዳቪድ አፍ ቪርሴን የሚመራው አካዳሚ ስለ መንግሥትና ስለ ሃይማኖት ያለውን አመለካከት አልወደደለትም። ስለዚህ ጥቆማ ብቻውን አያሸልምም፤ ያለ ጥቆማ ግን ክርክሩ እንኳ አይጀመርም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በቅንፍ መልክ ላንሣ። በመጽሐፍ ጀርባና በዝክረ ሕይወት ጽሑፎች ላይ «ለኖቤል ሽልማት ታጭቶ የነበረ» የሚል ሐረግ በአገራችንም በሌላውም አገር ደጋግሞ ይታያል። የጥቆማ ሰነዶች ለ50 ዓመት በምስጢር ስለሚጠበቁ ከዚያ በፊት እንዲህ ያለውን አባባል ማረጋገጥ አይቻልም። ደግሞም ስሙ በሕጋዊ ጠቋሚ እጅ ተጽፎ የደረሰ ሰው ሁሉ የመጀመሪያው ረጅም ዝርዝር ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ተማሪዎች በመመረቂያ ጽሑፋቸው ይህን ሐረግ ምንጭ ሳይጠቅሱ ባይገለብጡት መልካም ነው።

ከአህጉራችን ደራስያን መካከል የአድናቂዎች ምኞት ረጅም ዘመን የተከተለው ኬንያዊውን ንጉጊ ዋ ቲዮንጎን ነው። ምኞቱ የአንድን ሰው ሥራ ከመውደድ አልፎ የቋንቋ ጉዳይም ነበር። እንደሚታወቀው ንጉጊ በእንግሊዝኛ ጽፎ ዝናን ካገኘ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1977 በካሚሪዙ መንደር በኪኩዩ ቋንቋ ተውኔት አሳየ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ታሰረ፤ በካሚቲ እስር ቤት ሳለ የመጀመሪያውን የኪኩዩ ልቦለዱን በመጸዳጃ ወረቀት ላይ ጻፈ። ከዚያ ወዲህ ልቦለዶቹን በአፍ መፍቻ ቋንቋው እየጻፈ ወደ እንግሊዝኛ ሲመልስ ኖረ። ለአድናቂዎቹ የንጉጊ መሸለም ማለት በአፍሪካ ቋንቋ መጻፍ መሸለም ማለት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1986 የተሸለመው ወሌ ሾይንካ፣ በ1991 ናዲን ጎርዲመር፣ በ2003 ጄ. ኤም. ኩትሲ፣ በ2021 አብዱልራዛቅ ጉርና ሁሉም የጻፉት በእንግሊዝኛ ነው። በ1988 የተሸለመው ግብፃዊው ናጊብ ማህፉዝ በዐረብኛ ነው። የቀረው የአፍሪካ ቋንቋ ሁሉ፣ የእኛን ጨምሮ፣ ከደጅ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2010 ጥቅምት በእንግሊዝ አገር አወራራጅ ቤቶች ዝርዝር ውስጥ የንጉጊ ስም ከቀዳሚዎቹ ተርታ ወጣ። በኬንያ ጋዜጦች ሽልማቱ እንደ ደረሰ ያህል ተጻፈ። ካሊፎርኒያ ከሚገኘው ቤቱ ደጅ ፎቶ አንሺዎች ሌሊቱን ሲጠብቁ አደሩ። ሽልማቱ ለፔሩው ማርዮ ቫርጋስ ዮሳ ሲነገር ያዘኑት ፎቶ አንሺዎቹ ነበሩ፤ ያጽናናቸውም እሱ ራሱ እንደ ነበር ንጉጊ በኋላ እየሳቀ ተናግሯል። ይህ የብዙ ሰው ተስፋ የተመሠረተው በምን ላይ ነበር ብለን ብንጠይቅ፣ በውርርድ ዋጋ ላይ ነው። የውርርድ ዋጋ ደግሞ ገንዘቡን ያስያዘው ሰው ግምት እንጂ የአካዳሚው ሐሳብ አይደለም። አድናቂው ስሙን ደጋግሞ ስለሚያነሣ ወራጁ ይወራረዳል፤ ወራጁ ስለ ተወራረደ ጋዜጣው ይጽፋል፤ ጋዜጣው ስለ ጻፈ አድናቂው የልቡ ሊደርስ ነው ብሎ ያምናል። በዚህ ሁሉ ዙሪያ መጽሐፉን የከፈተ ሰው የለም።

የጃፓኑ የሃሩኪ ሙራካሚ አድናቂዎች ይህን መጠባበቅ ወደ ዓመት በዓልነት ለውጠውታል። በቶኪዮ ሰንዳጋያ በሚባለው ሰፈር፣ ደራሲው በወጣትነቱ የጃዝ ቡና ቤት ከነበረው አካባቢ በሚገኝ ቤተ መቅደስ፣ በጥቅምት ማታ መጽሐፎቹን ይዘው ይሰበሰባሉ። እ.ኤ.አ. በ2017 በጃፓን የተወለደው ካዙዎ ኢሺጉሮ ሲሸለም የራሳቸው ሰው ባይሆንም አጨብጭበዋል፤ ደግ ሰዎች ናቸው። ሙራካሚ ግን ይህ ሁሉ እንደ ፈረስ እሽቅድምድም ሆኖ እንደሚያስቸግረው ተናግሯል። በ2018 በአካዳሚው ውስጥ በተነሣው ቀውስ ሽልማቱ በተላለፈ ጊዜ፣ ሌሎች ስዊድናውያን አንባቢ ድምፅ የሚሰጥበት ምትክ ሽልማት አቋቁመው ነበር። የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች ጠቆሙ፤ ከ30,000 የሚበልጥ ሰው ድምፅ ሰጠ፤ ከአራቱ የመጨረሻ እጩዎች አንዱ ሙራካሚ ሆነ። እሱ ግን ከጋዜጣ ግርግር ርቆ መጻፍ እንደሚፈልግ ገልጾ ስሙ እንዲወጣለት ጠየቀ። ሽልማቱ ለጓድሎፗ ማሪዝ ኮንዴ ተሰጠ። የአንባቢ ድምፅ በሕግ ዋጋ ባገኘበት በዚያ አንድ ዓመት፣ አድናቂዎቹ የመረጡት ደራሲ ምርጫቸውን ሳይቀበል ቀረ ማለት ነው።

አንባቢ በድምፁ የሚሸልምበት ሥርዓትማ ይሻላል የሚል ተከራካሪ አይጠፋም። በክፍል ውስጥ ይህን ርእስ ባነሣሁ ቁጥር ቢያንስ አንድ ተማሪ ይህንኑ ይላል። መልሱ በሳይንስ ልቦለድ ዘርፍ በሚሰጠው የሁጎ ሽልማት ታሪክ ውስጥ አለ። በዚያ የሚጠቁሙትም ድምፅ የሚሰጡትም የዓመታዊው ጉባኤ አባላት፣ ማለትም የአባልነት ዋጋ የከፈሉ አንባቢዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1987 የኤል. ሮን ሃባርድ ልቦለድ በተደራጁ ተከታዮቹ ብርታት ከእጩዎች ተርታ ገባ፤ በመጨረሻው ድምፅ ግን «ማንም አይሸለም» ከሚለው አማራጭ በታች ወደቀ። በ2015 ደግሞ የተደራጁ ወገኖች የራሳቸውን የእጩ ዝርዝር አስገቡ፤ ሌላው አንባቢ ተቆጥቶ በአምስት ዘርፎች ማንም እንዳይሸለም ድምፁን ሰጠ። በእነዚያ ዘርፎች የነበሩ፣ ከሁለቱም ወገን ያልሆኑ ጸሐፊዎች ዕድላቸው በመካከል ጠፋ። ቅስቀሳ ሌላ ቅስቀሳን ይጠራል። በስፔንም እ.ኤ.አ. በ1912 የቤኒቶ ፔሬስ ጋልዶስ አድናቂዎች ለኖቤል ሲቀሰቅሱለት ወግ አጥባቂዎቹ ሌላ ሰው አቅርበው ተነሡበት፤ ጋልዶስም ሳይሸለም እ.ኤ.አ. በ1920 ሞተ።

እስከዚህ ድረስ ቅስቀሳ ሁሉ ከንቱ ነው ያልሁ ሊመስል ይችላል፤ አይደለም። ከማውቃቸው ሁሉ ተለይቶ የሚቆምና በጥንቃቄ ሊጠና የሚገባው አንድ ክስተት አለ፤ እሱም በአሜሪካ በቶኒ ሞሪሰን ዙሪያ የሆነው ነው። «ቢላቭድ» የተባለው ልቦለዷ እ.ኤ.አ. በ1987 ታተመ። በዚያው ዓመት ብሔራዊው የመጽሐፍ ሽልማት ለላሪ ሃይነማን ልቦለድ ተሰጠ። የሀያስያን ማኅበር ሽልማትም ለፊሊፕ ሮዝ ሆነ። በመካከሉ በታኅሣሥ ወር ጀምስ ቦልድዊን በፈረንሳይ አገር ሞተ፤ እሱም ብሔራዊውን የመጽሐፍ ሽልማትም ሆነ ፑሊትዘርን ሳያገኝ ነው የሞተው። በጃንዋሪ 1988 አርባ ስምንት ጥቁር አሜሪካውያን ጸሐፊዎችና ምሁራን የፈረሙበት መግለጫ በኒውዮርክ ታይምስ የመጻሕፍት መጽሔት ላይ ወጣ። ገጣሚዋ ጁን ጆርዳንና ሀያሲው ሂዩስተን ቤከር በመግቢያው ላይ የቦልድዊንን መቅረት አስታወሱ። ከፈረሙት መካከል ማያ አንጀሉ፣ አሊስ ዎከርና አሚሪ ባራካ ይገኙበታል።

የመግለጫውን አሠራር ልብ ማለት ይገባል። ዋናው ክፍል የተጻፈው ለዳኞች አልነበረም፤ ለራሷ ለሞሪሰን የቀረበ የምስጋና ቃል ነው። በሕይወት ሳለሽ እናመስግንሽ የሚል መንፈስ አለው። በቦልድዊን ቀብር ማግሥት የተጻፈ መሆኑ ደግሞ ትርጉሙን ያከብደዋል። ሁለተኛ፣ ፈራሚዎቹ ስማቸውን ያስቀመጡ፣ ሥራዋን በክፍል የሚያስተምሩ፣ በሂስ የሚተነትኑ ሰዎች ናቸው፤ «እንወዳታለን» ብለው አላበቁም፣ የሠራችው ሥራ ለሕዝባቸው ሥነ ጽሑፍ ምን እንደ ጨመረ ተናገሩ። ሦስተኛ፣ የጠየቁት ጥያቄ ከአንድ መጽሐፍ በላይ ነበር። በአንድ አገር ሥነ ጽሑፍ ውስጥ ዳኛ ሆኖ የሚቀመጠው ማን ነው? የዳኛው ልምድ የማያውቀው ሕይወት በልቦለድ ሲቀርብለት በምን ሚዛን ይመዝነዋል? ይህ የሂስ ጥያቄ ነው።

በዚያው ዓመት መጋቢት መጨረሻ «ቢላቭድ» የፑሊትዘርን ሽልማት አገኘ። መግለጫው ውሳኔውን ለውጦታል ወይ? ማንም በእርግጠኝነት ሊናገር አይችልም፤ መጽሐፉን ያነበበ ሰው ግን ለሽልማት የማንም እርዳታ እንደማያስፈልገው ያውቃል። ሆኖም በጫና የተሰጠ ነው የሚል ሐሜት መከተሉ አልቀረም። የቅስቀሳን ዋጋ የሚከፍለው ቀስቃሹ ሳይሆን ደራሲው ነው የምለው ከዚህ በመነሣት ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 ሞሪሰን ኖቤልን ባገኘች ጊዜም ያው ሐሜት ከሥር ከሥሯ ይሄድ ነበር። እንዲህም ሆኖ በእኔ ግምት መግለጫው ትክክል ነበር። ሽልማቱ ባይመጣ ኖሮ እንኳ እንደ ሂስ ሰነድ ሊነበብ የሚችል ጽሑፍ ነውና። ለአድናቂ ቅስቀሳ ከዚህ የተሻለ መመዘኛ አላገኘሁም። ሽልማቱን ከመካከል አውጥተነው የሚቀር ነገር አለ ወይስ የለም?

የኮሪያ ነገር ይህን ያጠናክራል። ለብዙ ዓመታት በጥቅምት ወር በአንሶንግ ከተማ ከገጣሚው ኮ ኡን ቤት ደጅ ጋዜጠኞች ይሰበሰቡ ነበር፤ ሽልማቱ አልመጣም። በዚያው ዘመን ያለ ግርግር የሚካሄድ ሌላ ሥራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1996 የተጀመረውና ኋላ የኮሪያ ሥነ ጽሑፍ የትርጉም ተቋም የሆነው ድርጅት ተርጓሚዎችን ያሠለጥን፣ የውጭ አሳታሚዎችን ይደግፍ ነበር። በ2007 በኮሪያኛ የወጣው የሃን ካንግ ልቦለድ በዴቦራ ስሚዝ ተተርጉሞ በ2016 ዓለም አቀፉን የማን ቡከር ሽልማት አገኘ። ትርጉሙ ስሕተት አለበት ተብሎ በኮሪያ ሀያስያን ክፉኛ ተተችቷል፤ ክርክሩ ራሱ ለትርጉም ጥናት ተማሪዎች ጥሩ ትምህርት ነው። በጥቅምት 2024 ሃን ካንግ ኖቤልን ስታገኝ ከደጇ የተሰበሰበ ሰው አልነበረም።

የአካዳሚው አባላት የማያነቡት ቋንቋ ሲያጋጥማቸው ባለሙያ ያማክራሉ፤ አንዳንድ ጊዜም ለራሳቸው ንባብ ትርጉም ያሠራሉ። ይህ እንኳ የሚሆነው ስለ ደራሲው የሚነግር ነገር ቀድሞ ሲደርሳቸው ነው። በአማርኛ ልቦለዶች ውስጥ ለዓለም እናሳይ ብንባል ብዙዎቻችን አስቀድመን የምንጠራው «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ይመስለኛል። መጽሐፉ የወጣው በ1958 ዓ.ም. ነው። በሬዲዮ ተተርኮ ፊደል ያልቆጠረው ሁሉ ሰምቶታል፤ ስለ ሰብለ ወንጌልና ስለ በዛብህ ያልተከራከረ የለም። ሙሉ ትርጉሙ በእንግሊዝኛ መጽሐፍ ሆኖ እስኪወጣ ግን ከ30 ዓመት በላይ ፈጅቷል። ፍቅሩ እንዳልጎደለ ግልጽ ነው። የጎደለው ተርጓሚ፣ አሳታሚና በውጭ ቋንቋ የተጻፈ ሂስ ነው።

ወደ ንጉጊ ልመለስና፣ ከአድናቂዎቹ መካከል ይህን የተረዱ ነበሩ። «ጃላዳ» በሚል ስም የተሰባሰቡ ወጣት አፍሪካውያን ጸሐፊዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ሰው ለምን ቀጥ ብሎ እንደሚሄድ የሚተርከውን አንድ አጭር የኪኩዩ ተረቱን ወስደው ከ30 በላይ ወደሆኑ ቋንቋዎች አስተረጎሙ። አብዛኞቹ የአፍሪካ ቋንቋዎች ናቸው፤ አማርኛም አለበት። ቁጥሩ ከዚያ ወዲህ እየጨመረ ሄዷል። ተርጓሚዎቹ ወጣት አንባቢዎቹ ነበሩ፤ ያገኙት ሽልማት የለም፣ የጠየቁትም የለም። ንጉጊ ሲከራከርለት የኖረውን ነገር፣ አንድ የአፍሪካ ቋንቋ ከሌላው ጋር ሊነጋገር መቻሉን፣ በአንድ ተረት አሳዩ። በ2021 ደግሞ በኪኩዩ የጻፈውና ራሱ የተረጎመው በግጥም የተሠራ ትረካ በዓለም አቀፉ የቡከር ሽልማት ረጅም ዝርዝር ውስጥ ሲገባ፣ በአፍሪካ አገር በቀል ቋንቋ የተጻፈ ሥራ እዚያ ሲደርስ የመጀመሪያው ነበር።

ንጉጊ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2025 በ87 ዓመቱ ዐረፈ። ለሞተ ሰው አዲስ የኖቤል ሽልማት ስለማይሰጥ የእሱ ነገር በዚህ ተዘግቷል፤ ሰነዱ ግን አልተዘጋም። የ2010 ጥቆማዎች የሚገለጡት በ2061 መጀመሪያ ላይ ነው። አሁን አንደኛ ዓመት ያሉ ተማሪዎቻችን ያን ጊዜ ጡረታ ለመውጣት ተቃርበው ይሆናል። ከመካከላቸው አንዱ ዝርዝሩን ሲከፍት ለንጉጊ የጻፉት ሰዎች ስንት እንደ ነበሩ፣ ደብዳቤዎቹም ከየትኛው አገር ዩኒቨርሲቲ እንደ ተላኩ ያያል፤ ከናይሮቢ፣ ከማኬሬሬ፣ ከኢባዳን ወይም ከአዲስ አበባ የሄደ ካለም በዚያው ይገኛል።